ልጅ የሰማውን የሣሉ ተዋናይ

ውድ አንባቢያችን፣ ከሥራ ውለው፣ በመንገድዎ ገበያ ጎራ ብለው፣ ደክሞዎት ቤት ሲገቡ «ኧረ የሽንኩርት ዋጋ ጣራ ነካ!» ብለው ያውቃሉ? ይህንኑ ሲናገሩ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅዎ ቀና ብሎ ጣራውን ሲመለከት አስተውለውስ ያውቃሉ? «ለአንድ ወረቀት ስመላለስ እግሬ ቀጠነ» ሲሉ እግርዎን ትኩር ብሎ የሚያየው፣ «ያች ሕፃን አንጀቴን በላችው» ሲሉ ደግሞ ፊቱ የሚለዋወጠው ለምን ይመስልዎታል?

እኛ አዋቂዎች አባባሉን ከመልመዳችን የተነሣ በውስጡ ያለውን ሥዕል ማየት ትተናል። ልጅ ግን ገና አልተወም። ቃል ወደ ጆሮው ሲገባ ከነአካሉና ከነቀለሙ ይገባል። ለእርሱ ጣራ ጣራ ነው፤ አንጀትም አንጀት ነው፤ አንጀት ከተበላ ደግሞ የበላው አካል አለ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ይህን ሰምተን፣ ስቀን እናልፋለን። ሰምተው፣ ስቀው፣ ከዚያም ቁጭ ብለው የሣሉ፣ የሣሉትንም መጽሐፍ አድርገው ለልጆች የመለሱ አንድ ሰው ነበሩ። ፍሬድ ግዊን ይባላሉ። አሜሪካዊ ናቸው። ዓለም በይበልጥ የሚያውቃቸው ግን በሠዓሊነታቸው ሳይሆን በቴሌቪዥን ተዋናይነታቸው ነው።

በዛሬው ዓምዳችን ስለ እኚህ ሰው ልናጫውትዎ የፈለግነው ለዝናቸው ብለን አይደለም። በሕይወታቸው ውስጥ ለእናትም ለሠራተኛም የሚሆኑ ሁለት ቁም ነገሮች ስላገኘን ነው። አንደኛው፣ ልጅ ከአዋቂ አፍ የሚሰማው ነገር አዋቂው ከተናገረው ምን ያህል እንደሚለይ ነው። ሁለተኛው፣ ሰው በአንድ ሥራ ስም ካወጣ በኋላ ያ ሥራ ሲቋረጥበት ምን ይዞ እንደሚቀር ነው።

እርሳስ የሚያውቅ ቤት

ፍሬድ ግዊን የተወለዱት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1926 በኒው ዮርክ ከተማ ነው። አባታቸው በገንዘብ ሰነዶች ንግድ የተሠማሩ ሰው ነበሩ። ለእኛ ይበልጥ ትኩረት የሚስቡት ግን እናታቸው ናቸው። ዶሮቲ ፊከን የሚባሉት እኚህ ሴት ከማግባታቸው በፊት የካርቱን ሠዓሊ ነበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ «ፎርስ» የተባለውን የስንዴ ቁርስ ለማስተዋወቅ ሲያገለግል የነበረው «ሰኒ ጂም» የተሰኘ ፈገግተኛ የካርቱን ሰው ስማቸውን ያስጠራ ሥራቸው ነው።

እንግዲህ ልጁ ያደጉት እርሳስ በሚያውቅ ቤት ነው ማለት ይቻላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ባሕር ኃይል በመርከብ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆነው አገለገሉ። ጦርነቱ ሲያበቃ ቶሎ ብለው የሄዱት ወደ ቲያትር ቤት አልነበረም፤ ኒው ዮርክ ውስጥ ወደሚገኝ የሥዕል ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም ወደ ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አለፉ። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተማሪዎች ለሚያዘጋጁት «ላምፑን» ለተባለ የቀልድ መጽሔት ካርቱን ይሥሉ ነበር፤ በኋላም የመጽሔቱ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። በዚያው ዘመን በተማሪዎች ቲያትር መጫወትና በዝማሬ ጓድ ውስጥ መዘመርም ጀመሩ። ትምህርታቸውን የፈጸሙት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። ብዙ ሰው «ተዋናይ ነበሩ፤ በኋላ ሠዓሊ ሆኑ» ይላል። ነገሩን ከሥሩ ሲመለከቱት ግን እርሳሱ ከመድረኩ ይቀድማል። ሁለተኛ ሙያ የተባለው የመጀመሪያው ነበር።

አንዱን ሳይለቁ ሌላውን መያዝ

እ.ኤ.አ. በ1952 ግዊን በኒው ዮርክ በታላላቆቹ የብሮድዌይ ቲያትር ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጡ። ቲያትሩ «ሚስስ ማክቲንግ» ይባላል፤ ዋናዋ ተዋናይት ስመ ጥሯ ሄለን ሄይስ ነበረች። በዚያው ዓመት ትዳር መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1954 ማርሎን ብራንዶ በተጫወተበት «ኦን ዘ ዋተርፍሮንት» በተባለው ፊልም ውስጥ ትንሽ ቦታ አገኙ።

ይሁን እንጂ በመድረክና በፊልም በሚገኝ ትንንሽ ቦታ ቤተሰብ አይተዳደርም። ስለዚህ ምን አደረጉ? «ጄ. ዋልተር ቶምሰን» በተባለው ታላቅ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ማስታወቂያ ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ። የወር ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ ከዚያ በተረፈው ጊዜ በቴሌቪዥንና በመድረክ መጫወቱን ቀጠሉ። ሥዕሉንም አልተዉትም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 «ቤስት ኢን ሾው» የተሰኘ፣ ስለ ውሾች ውድድር የሚያወራ በሥዕል የተሞላ የልጆች መጽሐፍ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1961 «ካር 54» በተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን አስቂኝ ድራማ ውስጥ ዋና ተዋናይ ሆነው ቀረቡ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 35 ደርሶ ነበር።

በቢሮ፣ በፋብሪካ ወይም በሱቅ እየሠሩ በልብዎ ሌላ ሙያ ያለዎት አንባቢያችን፣ ይህን ጉዳይ በጥሞና ይመልከቱት። «ሥራዬን ልተውና የምወደውን ልያዝ» የሚል ምክር ለመናገር ይቀላል፤ የቤት ኪራይ ግን ምክር አይቀበልም። ግዊን አንዱን እግር ደረቅ መሬት ላይ ተክለው ነው በሌላው ወንዙን የሞከሩት።

ሕይወት ሁሉ ሳቅ አልነበረም። ሰዎች በቴሌቪዥን አይተዋቸው ይስቁ በነበረበት በእ.ኤ.አ. 1963 ግዊንና ባለቤታቸው ገና ጨቅላ የነበረ ወንድ ልጃቸውን በመኖሪያ ቤታቸው የመዋኛ ገንዳ ውስጥ በደረሰ አደጋ አጡ። እናት የሆነች ሁሉ ይህን ዓረፍተ ነገር ስታነብ ልቧ ምን እንደሚል እናውቃለን፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ አንጨምርበትም።

ፊት የሸፈነ ዝና

በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 1964፣ «ዘ መንስተርስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ በሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ጀመረ። ታሪኩ ስለ አንድ ቤተሰብ ነው። የቤተሰቡ አባላት ሲያዩዋቸው ጭራቅ ይመስላሉ፤ ራሳቸውን ግን እንደ ማንኛውም ጎረቤት ነው የሚያዩት። ከመካከላቸው እንደ ሌላው ሰው ቆንጆ የሆነችውን ዘመዳቸውን «ምስኪን፣ መልክ ነሥቷት» እያሉ ያዝኑላታል። የቤቱ አባወራ ኸርማን በፍራንከንስታይን ፍጡር መልክ የተሠራ፣ ግንባሩ የሰፋ፣ አንገቱ ላይ ብሎን የተተከለበት ግዙፍ ሰው ነው። ሲያዩት ያስፈራል፤ ጠባዩ ግን እንደ ሕፃን የዋህ ነው። በቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ እየሠራ ሚስቱንና ልጁን ያስተዳድራል።

ይህን ኸርማንን የተጫወቱት ፍሬድ ግዊን ናቸው። ቁመታቸው 1 ሜትር ከ96 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። በዚህ ላይ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ በልብሳቸው ውስጥም እንደ ፍራሽ የተጠቀጠቀ ስፖንጅ ተጨመረባቸው። ፊታቸውን ለማዘጋጀት ብቻ በየቀረጻው ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። ድራማው 70 ክፍሎች ተሠርተውለት እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋረጠ። ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑ ነው። ነገር ግን በተደጋጋሚ እየታየ ለብዙ ዓመታት ከሰው ዓይን አልጠፋም።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰው በሥራው ሲታወቅ ደስ ይለዋል፤ ግዊን ግን የታወቁት በተሸፈነ ፊት ነው። ከዚያ በኋላ ሥራ ሰጪዎች ሲያዩዋቸው ኸርማንን እንጂ ተዋናዩን አላዩም። ለተወሰነ ጊዜ ሌላ ዓይነት ቦታ ለማግኘት ተቸገሩ። ልጆች ያሏቸው፣ ዕድሜያቸው 40 የሞላ፣ ስማቸውን ሁሉ የሚያውቀው፣ ሥራ ግን የራቃቸው አባት ሆኑ።

ለዚህ ነገር የግድ የቴሌቪዥን ተዋናይ መሆን አያስፈልግም። ለ15 ዓመት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠች ጸሐፊ ክፍሉ ሲዘጋ «ከዚህ ሌላ ምን ትችያለሽ?» ስትባል፣ ልጆቿን ያሳደገች የቤት እመቤት ልጆቿ ሲወጡ «አሁንስ ምን ትሠሪያለሽ?» ስትባል ነገሩ ያው ነው። ሰው ሲጠራን በኖረበት ስም ብቻ ከተጠራን፣ ያ ስም ሲወድቅ አብረን የወደቅን ይመስለናል።

ዝናብና ንግሥና

ግዊን በዚያ ዘመን እርሳሳቸውን አልጣሉትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 «ዘናቡ ንጉሥ» ብለን ልንተረጉመው የምንችል አንድ የሥዕል መጽሐፍ ታተመላቸው። የርዕሱን ቀልድ ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ «ነገሠ» የሚለውና «ዘነበ» የሚለው ቃል አጻጻፋቸው የተለያየ ቢሆንም ሲነገሩ ድምፃቸው አንድ ነው። አባት ለልጁ ስለ አንድ ንጉሥ ሲያወራ «ነገሠ» ይላል፤ ልጅቷ ጆሮ ግን የሚደርሰው «ዘነበ» ሆኖ ነው። ስለዚህ ልጅቷ የምታየው ከሰማይ የሚያዘንብ ንጉሥ ነው።

መጽሐፉ በሙሉ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ አባትና እናቷ የሚናገሩትን ትሰማለች፤ ሠዓሊውም ልጅቷ በአእምሮዋ ያየችውን ገጽ በገጽ ይሥሉታል። ለምሳሌ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ድምፃቸው ሲዘጋ «ጉሮሮዬ ውስጥ እንቁራሪት ገባች» ይላሉ። እናትየዋ ይህን ስትል ልጅቷ በእርግጥ እንቁራሪት ታያለች። በመጽሐፉ ውስጥ ማብራሪያ የለም፤ «ተሳስተሻል» የሚልም የለም። የልጅቷ ዓይን ያየው እንዳለ ተከብሮ ተሥሏል። የመጽሐፉ ፍቅር ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል።

መጽሐፉ ተወደደ። እ.ኤ.አ. በ1976 ሌላ ተከተለው፤ የእርሱም ርዕስ «ሙስ» በሚለው ድምፅ ላይ የተመሠረተ ነው። ይህ ድምፅ በእንግሊዝኛ በአንድ በኩል ከቸኮላታ የሚሠራ ለስላሳ ጣፋጭ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ቀንዱ የተንሠራፋ ግዙፍ የጫካ እንስሳ ማለት ነው። ቤተሰቡ ለራት ጣፋጩን ሲያስብ ልጅቷ እንስሳውን ታስባለች። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሦስተኛው ደግሞ የፈረስን ቁመት በሚመለከት አነጋገር የተሰየመ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የፈረስን ቁመት በ«እጅ» ይለካሉ፤ አንዱ «እጅ» 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ 16 እጅ የሚሆን ፈረስ ሲባል ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ፈረስ ማለት ነው። ልጅ ሲሰማው ግን 16 እጆች ያሉት ፈረስ ነው! አራተኛው እ.ኤ.አ. በ1988 ታተመ። እነዚህ መጻሕፍት መምህራን ድምፃቸው አንድ ሆኖ ትርጉማቸው የሚለያይ ቃላትን ለማስተማር ሲጠቀሙባቸው ኖረዋል። የኸርማንን ድራማ አይተው የማያውቁ ልጆች በትምህርት ቤት ግዊንን በመጽሐፍ አወቋቸው።

እኛ ቤትስ?

ይህ የእንግሊዝኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎ። አማርኛ ሰምና ወርቅ የሚባል ነገር ያለው ቋንቋ ነው፤ አንድን ቃል ለሁለት ትርጉም ማገልገል አባቶቻችን በቅኔ የተራቀቁበት ጥበብ ነው። «ሠዓሊ» የሚለውን ቃል ራሱን ይውሰዱ። በንጉሡ ሠ ሥዕል የሚሥል ሰው ነው። በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ደግሞ «ሰአሊ» በግእዝ «ለምኚ» ማለት ነው። በጆሮ ግን ልዩነት የላቸውም። በጸሎት መካከል ይህን ቃል የሰማ ልጅ «ማነው ሥዕል የሚሥለው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ሌላም አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉም ነው፤ «ጊዜው አልደረሰም» ማለትም ነው። «ዋና» ስንል በውኃ ላይ መንሳፈፍም ነው፤ ከሁሉ የበለጠ ማለትም ነው። «ይበላል» ሲጻፍ ሰውየው ራሱ እየበላ ይሁን ወይስ ምግቡ የሚበላ ይሁን በንባብ ካልሆነ አይታወቅም። ማንበብ የጀመረ ልጅዎ እዚህ ላይ ሲደናቀፍ «ደደብ» ከማለትዎ በፊት፣ ቋንቋው ራሱ ያዘጋጀለት ወጥመድ መሆኑን ያስታውሱ።

እስከዚህ ድረስ ያወራነው የሚያስቀውን ነው። የማያስቅም አለ፤ ዛሬ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም እርሱ ነው።

ማታ ልጆች ተኝተዋል ተብሎ ባልና ሚስት በዝግታ ሲነጋገሩ «ከሥራ ተባረረ» የሚል ቃል ይወጣል። አዋቂ ይህን ሲሰማ ደመወዝ መቋረጡን ያስባል። ልጅ የሚያየው ግን ሌላ ነው። እርሱ የሚያውቀው ሲባረር ውሻ ነው፤ ድመት ነው፤ በድንጋይና በዱላ ነው። አባቱን በመንገድ ላይ እየሮጠ፣ ሰዎች ከኋላ እያባረሩት ያየዋል። «ዕዳ አንቆኛል» ሲባልም ዕዳ የሚባል አንድ ሰው፣ ምናልባትም ጨለማ ውስጥ የሚጠብቅ ሰው፣ የእናቱን አንገት ይዞ ይታየዋል። በማግስቱ ልጁ ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ሲል፣ አልጋው ላይ ሲሸና፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ሲል «ምን ነካው?» እንላለን። እኛው የተናገርነው ነው የነካው።

ከሁሉም የከፋው በኀዘን ጊዜ ነው። ሰው ሲሞት «አረፉ» እንላለን። ለአዋቂ ይህ አክብሮት ነው፤ መጽናኛም ነው። ለልጅ ግን ዕረፍት ማለት ከሥራ መልስ ጋደም ማለት ነው፤ ያረፈ ሰው ደግሞ ይነሣል። «አያትህ አርፈዋል» የተባለ ልጅ አያቱ እስኪነሡ ይጠብቃል። ሳይነሡ ሲቀሩ ወይ ተዋሽቻለሁ ይላል፤ ወይም ራሱ «እስቲ ዕረፍ» ሲባል መተኛት ይፈራል። በዚህ ምክንያት ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን የሚያነጋ ልጅ ቢኖር ጥጋብ አይደለም፤ ቃሉን እንደሰማው ማመኑ ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

«ታዲያ በቤታችን ዝም ልንል ነው?» ሊሉን ይችላሉ። አይደለም። አባባል የሌለበት ቤት ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ግዊን በሥዕል ያደረጉትን እርስዎ ያለ ብዙ ወጪ በቤትዎ ማድረግ ይችላሉ።

በመጀመሪያ፣ ልጁ የሚያስገርም ነገር ሲጠይቅዎ ከመሳቅዎ በፊት «አንተ ምን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁት። የሚመልስልዎት መልስ በጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ሥዕል ያሳይዎታል። ቢስቁም አብረውት ይሳቁ እንጂ እንግዳ ፊት አቁመው «የተናገረውን ድገምላቸው» እያሉ መሣቂያ አያድርጉት። አንድ ጊዜ ያፈረ ልጅ ሁለተኛ ያልገባውን አይጠይቅም፤ ያልገባውን ይዞ ዝም ይላል።

ሁለተኛ፣ ወረቀትና እርሳስ ይስጡት። የተጻፈበት ደብተር ጀርባም ይበቃል። «እስቲ የሰማኸውን ሣልልኝ» ይበሉት። ፈርቶ ከሆነ ፍርሃቱ ከሆዱ ወጥቶ ወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ እርስዎም አይተው ማስረዳት ይችላሉ። የሣለውን ሲያጸዱ ከቆሻሻ ጋር አይጣሉት። ከጀርባው ቀኑንና የተናገረውን ቃል ጽፈው በአንድ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጡለት። ከዓመታት በኋላ ከፎቶግራፍ የበለጠ ይናገራል።

ሦስተኛ፣ ከባድ ነገር ሲደርስ በልጁ ቋንቋ በግልጽ ይንገሩት። «አባትህ የሚሠራበት ቦታ ሥራ ስለሌለ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ማንም አልመታውም፤ ቤታችን ነን» ማለት ብዙ ቃል አይፈጅም። ስለ ሞትም ቢሆን «ሞተዋል፤ ከእንግዲህ አይመለሱም፤ እኛ ግን እናስታውሳቸዋለን» ማለት ለእኛ ይከብደን ይሆናል፤ ለልጁ ግን ከጥርጣሬ ይሻለዋል። ተናግረው ሲጨርሱ «ምን ገባህ?» ብለው መጠየቅን አይርሱ።

አራተኛው ምክር ለራስዎ ነው። ከማግባትዎ በፊት፣ ከመቀጠርዎ በፊት እጅዎ የሚያውቀው ምን ነበር? ጥልፍ ነበር? ሰፌድና ሌማት መስፋት ነበር? ግጥም መጻፍ ወይም ሥዕል ነበር? ልጆችዎ ይህን ያውቃሉ? በሳምንት አንድ ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን ያንን ሙያ ከሣጥኑ ያውጡት። ገንዘብ ያመጣል ብለን አንዋሽዎትም፤ ሊያመጣም ላያመጣም ይችላል። የቤቱ ሥራ ሁሉ በእርስዎ ትከሻ ላይ ከሆነ ግማሽ ሰዓቱም እንደማይገኝ እናውቃለን፤ ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለባልም ለታላላቆቹ ልጆችም የሚነገር ነው። አንድ ማታ ሳህኑን ሌላ ሰው ቢያጥበው ቤቱ አይፈርስም።

ከመድረክ ወጥተው ለልጆች የደከሙ ሰዎች በአገራችንም እንደማይጠፉ ያውቃሉ። «አባባ ተስፋዬ» እያልን የምንጠራቸው ተስፋዬ ሣህሉ የቲያትር ሰው ነበሩ። ቴሌቪዥን በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1964 ሲጀመር ለልጆች ተረት መናገር ጀመሩ፤ ከ40 ዓመት በላይም በዚያው ቆዩ። የተረት መጻሕፍትም አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 እስከ ሞቱ ድረስ ብዙዎቻችን የምናስታውሳቸው ልጆችን ቁጭ አድርገው ሲያነጋግሩ ነው። ሁለቱን ሰዎች የሚያገናኛቸው ልጅን እንደ ትልቅ ሰው ማክበራቸው ነው።

የግዊን ታሪክ መጨረሻም መልካም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 በብሮድዌይ «ካት ኦን ኤ ሆት ቲን ሩፍ» በተባለው ቲያትር የቤተሰቡን አባት ሆነው በገዛ ፊታቸው መድረክ ላይ ቆሙ። በኋላም በፊልም ጥሩ ጥሩ ቦታዎችን ተጫወቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 «ማይ ከዚን ቪኒ» በተባለው አስቂኝ ፊልም ቆፍጣናውን ዳኛ የተጫወቱት እርሳቸው ናቸው። ኑሯቸውን በሜሪላንድ ገጠር አድርገው መሣላቸውን አላቋረጡም። እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ልዑል እሆናለሁ ብላ የምትስማትን ልዕልት ፍለጋ ስለወጣች፣ በመጨረሻ ግን እንቁራሪት ሆና መቅረትን ስለመረጠች እንቁራሪት ነው። የመጨረሻው የሥዕል መጽሐፋቸው የወጣው በሞቱበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሐምሌ 2 ቀን ሲያርፉ 67 ዓመት ሊሞላቸው ስምንት ቀን ቀርቷቸው ነበር።

ውድ አንባቢያችን፣ ዛሬ ማታ በቤትዎ ብዙ ቃል ይነገራል። የሚናገሩት እርስዎ ነዎት፤ የሚሥለው ግን ልጅዎ ነው። ምን እንደሣለ አንድ ጊዜ ይጠይቁት። እርሳስም ከተገኘ ለእርሱ አንድ ሰጥተው ሁለተኛውን ለራስዎ ያስቀሩ።